መርከቧ ጠፋች፣ በሯ ግን አለ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ከጥቂት ሳምንታት በፊት ስለ ቀደምት ታላላቅ የመንገደኛ መርከቦች ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጽሑፉ የመርከቦቹን ርዝመት፣ ክብደት፣ ፍጥነትና የሞተር ጉልበት በሚገባ ዘርዝሯል፤ ለዚህም አዘጋጆቹ ምስጋና ይገባቸዋል። ነገር ግን መንገደኛው ቀንና ሌሊት የኖረበትን የመርከቦቹን ውስጥ፣ ማለትም ግድግዳውን፣ ኮርኒሱን፣ በሩንና ጠረጴዛውን፣ «እጅግ ያማረ ነበር» በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ አልፎታል። እኔ ደሴ ላይ ከሠላሳ ዓመት በላይ በእንጨት ሥራ የኖርሁ ሰው ነኝና ያ አንድ ዓረፍተ ነገር አላጠገበኝም። ስለዚህ የቀረውን ለመሙላት፣ በዚያውም ለከተማችን የሚበጅ አንድ ሐሳብ ለማቅረብ ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ከልጅነቴ ነው። አባቴ አሰብ ወደብ ላይ ጭነት ከሚያወርዱ ሠራተኞች አንዱ ነበሩ፤ በዚያ ዘመን የወሎ ሰው በባቲና በሚሌ ቁልቁል ወርዶ አሰብ ላይ እንጀራውን መፈለጉ የተለመደ ነበር። አንድ ቀን ለሥራ ወደ አንድ የጭነት መርከብ ላይኛው ክፍል ወጥተው የመኮንኖቹን መመገቢያ ክፍል አይተው ኖሮ፣ ደሴ ሲመጡ «ግድግዳው ሁሉ እንጨት ነው፤ ፊት ያሳያል፤ አንዲት ምስማር ግን ብትፈልግ አታገኝም» ብለው አጫወቱን። ምስማሩን የት ደበቁት የሚለው ጥያቄ ከእኔ ጋር አደገ። መልሱን ያገኘሁት ሙያውን ከተማርሁ በኋላ ነው፤ መልሱም ከዚህ በታች ለምናገረው ሁሉ መሠረት ስለሆነ ቀድሜ ላስረዳው።

እንጨት ተቆርጦም አይተኛም። እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል። ጦሳ ሥር በክረምት ብርድ የተሠራ በር ኮምቦልቻ ወርዶ አንድ በጋ ሲያሳልፍ ምን እንደሚሆን በሁለቱ ከተሞች መካከል የሚመላለስ አናጢ ሁሉ ያውቀዋል፤ ርቀቱ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም የከፍታው ልዩነት ጣውላውን ከመሐል ለመሰንጠቅ ይበቃዋል። ስለዚህ ሙያውን የሚያውቅ ሰው የበሩን ገበታ በምስማር አይቸነክረውም። ዙሪያውን ቦይ የተፈለፈለለት ክፈፍ ያዘጋጅና ገበታውን ያለ ሙጫ ቦዩ ውስጥ ይሰካዋል፤ ገበታው ሲያብጥ ወደ ቦዩ ይገባል፣ ሲሰበሰብ ወደ ኋላ ይላል፣ ከውጭ የሚያየው ሰው ግን ምንም አይታወቀውም። መርከብ ላይ ችግሩ እጥፍ ነው። በአንድ ጉዞ ብርድም ሙቀትም ያገኛታል፤ ከዚያ በላይ ደግሞ የብረት ገላዋ ራሱ በማዕበል ላይ ይታጠፋል። መሐሏ ማዕበሉ ላይ ሲወጣ ጫፎቿ ይወርዳሉ፣ ጫፎቿ ሲነሡ መሐሏ ይረግባል። እንደ ታይታኒክና እንደ እኅቷ ኦሊምፒክ ያሉት መርከቦች ላይኛው የብረት ሥራቸው ይህን መተጣጠፍ እንዲችል ተብሎ ከቦታ ቦታ ክፍተት ይተውለት ነበር። የውስጡ እንጨትም ከብረቱ ጋር አብሮ እንዳይሰነጠቅ በየክፈፉ ተከፋፍሎ በወርክሾፕ ይሠራል፣ ከዚያ ብረቱ ላይ በተያያዙ አግዳሚ እንጨቶች ላይ በብሎን ይታሰራል፣ የብሎኑም ራስ በእንጨት ውታፍ ወይም በቀጭን ጌጠኛ እንጨት ይሸፈናል። አባቴ ያላዩት ምስማር መጀመሪያውኑ አልነበረም። በዚህ ዓይነት የታሰረ ሥራ ደግሞ፣ ይህን አንባቢ ልብ እንዲልልኝ እለምናለሁ፣ ሳይሰበር ሊፈታ ይችላል።

ከእነዚያ መርከቦች ሁሉ ለእንጨት ሠሪ ልብ የምትቀርበው ኩዊን ሜሪ ናት። በስኮትላንድ፣ ክላይድባንክ፣ በጆን ብራውን የመርከብ መሥሪያ ተሠርታ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 26 ቀን 1934 ወደ ውሃ ወረደች፤ የመጀመሪያ የመንገደኛ ጉዞዋን ሜይ 27 ቀን 1936 ጀመረች። በዓለም የኢኮኖሚ ድቀት ምክንያት ግንባታዋ ከ1931 መጨረሻ አንሥቶ ከሁለት ዓመት በላይ ቆሞ ነበር። ስትጠናቀቅ ግን ለውስጧ ከብሪታንያ ግዛቶች የተሰበሰበ 56 ዓይነት እንጨት ስለዋለ የውብ እንጨቶች መርከብ የሚል ስም አተረፈች። እኛ ዋንዛን፣ ዝግባን፣ ጥድንና ወይራን በስማቸው ጠርተን ስንጨርስ አሥር አይሞላልንም፤ 56 ዓይነት እንጨት በአንድ ጣሪያ ሥር እያንዳንዱ የራሱን መልክ ይዞ ማየት ምን እንደሚመስል ለማሰብ እንኳ ያዳግታል። አብዛኛው ወፍራም ጣውላ አልነበረም፤ ከግንዱ እንደ ወረቀት ሳስቶ የተላጠ ልባስ ነው። ከአንድ ግንድ ተከታትለው የወጡ ሁለት ልባሶች እንደ መጽሐፍ ተገልጠው ጎን ለጎን ሲለጠፉ የእንጨቱ ጥለት ግራና ቀኙ እኩል ሆኖ ይወጣል፤ የቢራቢሮ ክንፍ ይመስላል። ይህን ለመሥራት ልባሶቹ በተላጡበት ተራ መቀመጥ አለባቸው፤ አንዲቱ ብትቀየጥ ግድግዳው ሁሉ ተበላሸ ማለት ነው።

የዚች መርከብ አንደኛው ክፍል መመገቢያ አዳራሽ ግድግዳ ላይ አንድ ትልቅ የሥዕል ካርታ አለ፤ የሠራው ማክዶናልድ ጊል የተባለ ሠዓሊ ነው። ካርታው ሰሜን አትላንቲክን በአንድ በኩል ከእንግሊዝ፣ በሌላ በኩል ከኒው ዮርክ ጋር ያሳያል፤ በመካከላቸው ሁለት መንገዶች ተሠርተዋል፤ አንዱ የበጋው ወራት፣ ሌላው በረዶው ወደ ደቡብ በሚወርድበት ጊዜ የሚኬድበት ነው። በመንገዱ ላይ ከክሪስታል የተሠራች ትንሽ ብርሃን ያላት መርከብ ነበረች፤ እውነተኛዋ መርከብ በተጓዘች መጠን እሷም ካርታው ላይ ትንቀሳቀስ ነበር። መንገደኛው እራቱን እየበላ ቀና ሲል ያለበትን ያያል። እኔ ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ ልጅ ሆኜ ከእናቴ ጋር አባቴን ለመጠየቅ ወደ አሰብ በአውቶቡስ የተጓዝንበት ጊዜ ነው። ከሚሌ በኋላ በረሃው አንድ ዓይነት ስለሆነብኝ «እማዬ፣ የት ደረስን?» እያልሁ ሳሰለቻቸው እናቴ በመቀነታቸው ጫፍ ላይ ቋጠሮ እየሠሩ «ይኸ ሰርዶ ነው፣ ይኸ ኤሊዳር፣ ይኸ ቡሬ» እያሉ በጣታቸው ያስቆጥሩኝ ነበር። አንድ ሠዓሊ መንገደኛ ከሁሉ በላይ የሚጠይቀውን ጥያቄ ተረድቶ መልሱን የግድግዳ ጌጥ ማድረጉ ለእኔ ከወርቅ ቅብ ሁሉ ይበልጣል። ካርታው ዛሬም መርከቧ እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ በቆመችበት በካሊፎርኒያ፣ ሎንግ ቢች ይገኛል።

ጥፋታቸውንም መሸፋፈን አይገባም። ኩዊን ሜሪን ያስጌጡት ሰዎች ይህን ያህል ግዙፍ መርከብ አትናወጥም ብለው አምነው በመጀመሪያ በመተላለፊያዎቹ የእጅ መደገፊያ አላደረጉም፣ የቤት ዕቃውንም ከወለሉ ጋር አላሰሩትም። ማዕበል ሲመጣ ወንበሩና ሰው አብረው ተንሸራተቱ፤ መደገፊያው በኋላ ተጨመረ፣ መናወጡን የሚቀንሰው መሣሪያ ግን የተገጠመላት እ.ኤ.አ. በ1958 ነው። ከእሷ በፊት የነበሩ የመርከብ አናጢዎች የገበታውን ጠርዝ ዙሪያውን ከፍ አድርገው ሳህኑ እንዳይወድቅ ይከላከሉ ነበር፤ አስተናጋጁም የጠረጴዛውን ልብስ ውሃ ነክሮ ያነጥፈው ነበር፤ እርጥብ ጨርቅ ላይ ሳህን አይንሸራተትም። ጌጥ ከጥቅም ሲለይ ምን እንደሚሆን ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

የፈረንሳይዋ ኖርማንዲ ሌላ ዓለም ናት። ሴን ናዜር ላይ ተሠርታ እ.ኤ.አ. ሜይ 29 ቀን 1935 የመጀመሪያ ጉዞዋን የጀመረችው ይህች መርከብ የጭስ ማውጫ ቱቦዎቿ እንደ ሌሎቹ በመሐል ለመሐል አልወጡም፤ ወደ ሁለቱ ጎኖች ተከፍለው እንዲያልፉ ተደርገው መካከሉ ከአዳራሽ ወደ አዳራሽ ያለ ከልካይ ክፍት ሆነ። የመመገቢያ አዳራሿ ወደ 93 ሜትር ይረዝማል፤ 700 ሰው በአንድ ጊዜ ይመገብበታል። በመርከቧ ሆድ ውስጥ ስለሆነ አንድም መስኮት የለውም። ብርሃኑ የሚመጣው ሬኔ ላሊክ ከሠራቸው 12 ረጃጅም የመስታወት ዓምዶችና ከግድግዳው መብራቶች ነበር፤ የብርሃን መርከብ ያሰኛትም ይኸው ነው።

በታላቁ ሳሎኗ ደግሞ ዣን ዱፓ የሠራው የመርከብ ጉዞ ታሪክ ሥዕል ነበረ፤ አሠራሩ ላይ ጥቂት ልቆይ። ሥዕሉ የተሣለው በመስታወት ጀርባ ላይ ነው፤ ተመልካቹ የሚያየው በፊቱ በኩል፣ በመስታወቱ ውስጥ አሻግሮ ነው። ስለዚህ ሠዓሊው ሥራውን ገልብጦ መሥራት አለበት። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ መጀመሪያ መደቡን ይቀባል፣ ከዚያ ልብሱን፣ ከዚያ ፊቱን፣ በመጨረሻም የዓይኑን ብሌን ያስቀምጣል። በመስታወት ጀርባ የሚሥል ሰው የዓይኑን ብሌን ቀድሞ፣ መደቡን መጨረሻ ያደርጋል፤ ወርቁና ብሩ እንደ ቅጠል ሳስቶ ከኋላ ይለጠፋል። ተሳስቶ ደርቦ ማረም አይችልም። ይህን ሳስብ እጄ ይንቀጠቀጣል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል። ያ ሁሉ ውበት ለሁሉም አልነበረም። ኩዊን ሜሪ 776 መንገደኞችን በላይኛው ማዕረግ፣ 784ቱን በመካከለኛው፣ 579ኙን በሦስተኛው ትወስድ ነበር፤ መናወጡ የሚያንሰው የመርከቧ መሐል ለላይኛው ሲሰጥ ሦስተኛው ማዕረግ ማዕበሉ ወደሚበረታበት ወደ ፊተኛው ጫፍ ተገፍቶ ነበር። እኛ በከተማችን ንጉሥ ሚካኤል ለግብር ያሠሩት አዳራሽ አለን፤ ስሙም አይጠየፍ ነው። በስፋት ከኖርማንዲ ጋር አላወዳድረውም፤ ስሙን ግን በዚያ የመስታወት አዳራሽ በር ላይ ጽፈው ቢሆን እንዴት ደስ ባለኝ።

እንጨት የሚወድ ሰው ስለ እሳትም መናገር አለበት። እ.ኤ.አ. በሜይ 1932 ጆርጅ ፊሊፓር የተባለችው አዲስ የፈረንሳይ መርከብ ከእስያ ስትመለስ እዚሁ ደጃችን ላይ፣ በኤደን ባሕረ ሰላጤ፣ ተቃጥላ ሰጠመች። እሳቱ ከኤሌክትሪክ ተነሥቶ በእንጨት በተለበሱት ክፍሎቿ ተዛመተ፤ ያን ጊዜ ከጠፉት ሰዎች አንዱ ታዋቂው ጋዜጠኛ አልቤር ሎንድር ነበር። ኖርማንዲም ብትሆን መጨረሻዋ እሳት ነው፤ በጦርነቱ ጊዜ ኒው ዮርክ ላይ የወታደር ማመላለሻ ልትሆን ስትታደስ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1942 በዚያው በታላቁ ሳሎን ብረት በእሳት ሲቆርጡ ፍንጣሪ የተከመሩ የነፍስ አድን ጃኬቶች ላይ ወደቀ። እሳቱን ለማጥፋት የተረጨባት ውሃ በዝቶ በጎኗ ተኛች። ከዚህ በኋላ የመጣው አሜሪካዊው መሐንዲስ ዊልያም ፍራንሲስ ጊብስ እ.ኤ.አ. በ1952 ሥራ የጀመረችውን ዩናይትድ ስቴትስ የተባለች መርከብ ሲነድፍ እንጨትን ጨርሶ ከለከለ፤ ከፒያኖውና ከሥጋ መክተፊያው በቀር የቤት ዕቃው በአሉሚኒየምና እሳት በማይበላው ነገር ተሠራ። አትላንቲክን በ3 ቀን ከ10 ሰዓት ከ40 ደቂቃ አቋርጣ የፍጥነት ክብረ ወሰን ሰበረች። ጊብስን አልወቅሰውም፤ የሰው ነፍስ ከእንጨት ይበልጣል። ይሁን እንጂ ዕቃዎቿ እ.ኤ.አ. በ1984 በጨረታ ተበትነው እሷም ለረጅም ዓመታት ባዶዋን ቆማ፣ በ2025 መጀመሪያ ላይ ባሕር ውስጥ ልትሰጥም ከፊላደልፊያ ተጎትታ ሄደች።

ሌሎቹ ግን ምን ቀራቸው? ደብዳቤዬን የጻፍሁት በዋነኛነት ስለዚህ ነው። የታይታኒክ እኅት የነበረችው ኦሊምፒክ እ.ኤ.አ. በ1911 ሥራ ጀምራ በ1935 ለብረቷ ተሸጠች። የአንደኛ ማዕረግ ሳሎኗ የእንጨት ግድግዳ ግን ተፈትቶ በሰሜን እንግሊዝ፣ አልንዊክ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ዋይት ስዋን በተባለው ሆቴል ውስጥ ዳግም ተገጠመ፤ ዛሬም ሰርግ ይደገስበታል። የታላቁ ደረጃዋ ቅርጻ ቅርጽ ያለበት ሰዓት ሳውዝሃምፕተን በሚገኘው ሙዚየም ነው። የኖርማንዲ ዕቃና ጌጥ አብዛኛው ከእሳቱ በፊት ከመርከቧ ወጥቶ ስለነበር ተርፏል፤ ከዱፓ የመስታወት ሥዕል አንዱ ክፍል ኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ገብቷል፣ የነሐስ ቅርጾች ያሉባቸው የመመገቢያ አዳራሿ በሮች ደግሞ ብሩክሊን ውስጥ የእመቤታችን ዘሊባኖስ የማሮናውያን ካቴድራል በሮች ሆነዋል። መንገደኛ እራት ለመብላት ይገባበት በነበረው በር ዛሬ ምእመን ለጸሎት ይገባበታል። ጣልያኖችም ኮንቴ ቢያንካማኖን እ.ኤ.አ. በ1960 ሲያፈርሱ የመርከቧን መሐለኛ ክፍል ከነዳንስ አዳራሹ ቆራርጠው ሚላን ድረስ አምጥተው በሳይንስና ቴክኖሎጂ ሙዚየም ውስጥ መልሰው ገጣጥመዋታል። ሚላን ባሕር የላትም። እኛም ባሕር የለንም፤ በሩን ለማቆየት ግን ባሕር አያስፈልግም።

አሁን ወደ ደሴ ልመለስ። በከተማችን በአራዳና በፒያሳ አካባቢ ካሉት አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ መንገድ ሲሰፋ ወይም ፎቅ ሲሠራ ይፈርሳሉ። መፍረሳቸውን በጠቅላላው አልቃወምም፤ ከተማ ማደግ አለበት፣ ሁሉንም ቤት ማቆየትም አይቻልም። የሚያንገበግበኝ አፈራረሱ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ደጋግሜ የማልፍበት አንድ ባለ ሰገነት ቤት ሊፈርስ መሆኑን ሰምቼ፣ ሥራውን ወደያዙት ሰዎች ሄጄ በሮቹን፣ የደረጃውን መደገፊያና የሳሎኑን የእንጨት ኮርኒስ በሁለት ቀን ያለ ክፍያ ልፍታላችሁ ብዬ ለመንሁ። ነገ ና አሉኝ። በማግስቱ ስደርስ ኤክስካቫተሩ ሥራውን ጨርሶ ነበር፤ ኮርኒሱ ተሰባብሮ ለማገዶ ተጭኗል። ያ ኮርኒስ በብሎን እንጂ በምስማር እንዳልታሰረ ከስብርባሪው ላይ አየሁ። ቢፈታ ኖሮ አንድም ገበታ ሳይጎዳ ይወርድ ነበር።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ፣ በሐይቅም ሆነ በወልድያ አሮጌ ቤት ለማፍረስ ፈቃድ ሲሰጥ ማሽኑ ከመግባቱ በፊት ለአናጢዎች ጥቂት ቀናት ይሰጡ። በሩ፣ መቃኑ፣ መስኮቱ፣ ኮርኒሱና ደረጃው ፎቶ ይነሣ፣ እያንዳንዱ ገበታ ከጀርባው በእርሳስ ቁጥር ይጻፍበት፣ ብሎኑና ማጠፊያው በየቁጥሩ በከረጢት ይቋጠር፣ ከዚያ በአንድ ደረቅ መጋዘን ይቀመጥ። አዲስ ቤተ መጻሕፍት፣ ትምህርት ቤት ወይም አዳራሽ ሲሠራ ከኤምዲኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ ከሚሠራው ገበታ) እና ከአሉሚኒየም በፊት መጋዘኑ ይታይ። ለዚህ የሚያስፈልገው ካቻቪቴ፣ እርሳስና ትዕግሥት ነው። የሙያ ማሠልጠኛ ተማሪዎችም ከየትኛውም መማሪያ ይልቅ የተሠራን ሥራ በመፍታት ይማራሉ፤ እኔ ክፈፍና ገበታ እንዴት እንደሚገናኙ በትክክል የገባኝ የሌላ ሰው በር ፈትቼ ነው።

ያ በር አሁንም በሱቄ ጀርባ ቆሟል። ከሌላ የፈረሰ ቤት ባለቤቱ ራሳቸው «ልጄ፣ ውሰደው፣ እኔ ዘንድ ዝናብ ይመታዋል» ብለው የሰጡኝ ነው። ባለ ሁለት ክንፍ የወይራ በር ሲሆን በእያንዳንዱ ክንፍ ሦስት ገበታ አለው። ስፈታው በክፈፉ መገጣጠሚያ ላይ በጩቤ የተጫሩ ምልክቶች አገኘሁ፤ አንድ ጭረት ያለው ምላስ አንድ ጭረት ወዳለው ጉድጓድ፣ ሁለት ያለው ሁለት ወዳለው ይገባል። የሠራው ሰው ስሙን አልጻፈም፤ ለሚፈታው ሰው ግን መንገዱን ጠቁሞለታል። መልሼ ገጥሜዋለሁ፣ በዘይት አሽቼዋለሁ፣ አንዱም ገበታ አልተሰነጠቀም። ሕዝብ በሚገባበትና በሚወጣበት ቤት ለሚሰቅለው ማንኛውም የከተማችን ተቋም ያለ ምንም ክፍያ አስረክባለሁ፤ ሄጄም እገጥመዋለሁ። ቁመቱ 2 ሜትር ከ40፣ ስፋቱ ከነመቃኑ 1 ሜትር ከ50 ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የእንጨት ሥራ ባለሙያ
ከደሴ